ነጻ የሚያወጣ ቀንበር

በአማርኛ «ቀንበር» ሲባል ትዝ የሚለን በሬ ብቻ አይደለም። የባርነት ቀንበር፣ የባዕድ አገዛዝ ቀንበር እንላለን፤ ነጻ ወጣ የምንለውም ቀንበሩን የሰበረውን ነው። ስለዚህ «ዮጋ» የሚለው የሳንስክሪት ቃል ከምን እንደ ወጣ የሰማሁ ቀን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ሥሩ «ዩጅ» ነው፤ መጥመድ፣ ፈረስን ከሠረገላ፣ በሬን ከቀንበር ማገናኘት። ነጻነት ፍለጋ ከቤታቸው የወጡ ሰዎች መንገዳቸውን በቀንበር ስም ጠሩት ማለት ነው።

ለምን? መልሱ በአንድ መጽሐፍ ወይም በአንድ መምህር ዘንድ አይገኝም፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በፈጀ ጉዞ ውስጥ ተበታትኖ ነው ያለው። እኛም የምናውቀው ቁርጥራጩን ነው፤ አንዱ በጂም ምንጣፍ ላይ አይቶታል፣ አንዱ በስልኩ ቪዲዮ፣ ሌላው ደግሞ ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ብሎ ርቆታል። ታሪኩን ከሥሩ ተከትዬ ልንገራችሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 እስከ 300፦ ከሞት ደጅ የተቀመጠው ልጅ

በዚያ ዘመን በሰሜን ሕንድ፣ በጋንጅስ ወንዝ ሜዳ፣ ኑሮ እየተለወጠ ነበር። በብረት መሣሪያ ደኑ ተመነጠረ፤ የሩዙ ማሳ ሰፋ፤ ከተሞች ተቆረቆሩ፤ ማጋዳና ኮሳላን የመሰሉ መንግሥታት ገነኑ፤ ነጋዴው በረከተ። ኑሮው በሰፋ ቁጥር ግን የአባቶች የእሳት መሥዋዕት የማይመልሰው ጥያቄ ብዙ ሰው ያዘ። ሰው ይወለዳል፣ ይደክማል፣ ይሞታል፤ የሥራው ፍሬ ጎትቶ ደግሞ ያስወልደዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ከዚህ አዙሪት መውጫ አለው? መውጫውን «ሞክሻ» አሉት። መፈታት ማለት ነው፤ የታሰረ ሰው እንደሚፈታው ያለ መፈታት።

ይህን ጥያቄ በትረካ ካስቀመጡት መጻሕፍት መካከል ካታ ኡፓኒሻድን የሚያህል አላውቅም። ናቺኬታ የሚባል ልጅ ነበር። አባቱ ያለውን ሁሉ መሥዋዕት አድርጎ እየሰጠ ሳለ ልጁ የሚነዱትን ላሞች ቆሞ ያያል። አርጅተዋል፤ ውሃ መጎንጨት፣ ሣር መጋጥ አቅቷቸዋል፤ ጡታቸው ነጥፏል። ልጁ በአባቱ ስጦታ አፈረ። እኔንስ ለማን ትሰጠኛለህ ብሎ ጠየቀ። አባት ዝም አለ። ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም ዝም። በሦስተኛው አባት ተቆጥቶ ለሞት ሰጠሁህ አለው። ልጁም የአባቱን ቃል ይዞ ወደ ሞት ቤት ሄደ። ሞት ግን ቤት አልነበረም። ሦስት ሌሊት እህል ሳይቀምስ ከደጁ ጠበቀው።

ሞት ሲመለስ እንግዳ በደጁ ጦሙን ማደሩ ከበደውና ለሦስቱ ሌሊት ሦስት ልመና ፈቀደለት። ልጁ መጀመሪያ የአባቱ ቁጣ እንዲበርድ ለመነ፤ ቀጥሎ ስለ እሳቱ ሥርዐት ጠየቀ፤ በሦስተኛው፣ ሰው ሲሞት ምኑ ነው የሚቀረው አለ። ሞት ይህን ተወኝ አለው። መቶ ዓመት የሚኖሩ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ከብት፣ ዝሆን፣ ወርቅ፣ ፈረስ፣ ቆነጃጅት እሰጥሃለሁ ብሎ አባበለው። ልጁ አልተነቃነቀም። እነዚህ ሁሉ ለነገ የማይዘልቁ ናቸው፤ ፈረሶችህን ለራስህ ያዛቸው አለ። የውስጥ ነጻነት የመጀመሪያ ምስሉ ለእኔ ይህ ነው፤ በባዶ ሆዱ ከሞት ደጅ ቆሞ ጉቦ አልቀበልም ያለ ልጅ።

ሞት በመጨረሻ ሲያስተምረው ሠረገላ መሰለለት። ገላ ሠረገላው ነው፤ የስሜት ሕዋሳት ፈረሶቹ፣ ሐሳብ ልጓሙ፣ ማስተዋል ነጂው፤ ባለ ሠረገላው ደግሞ ከውስጥ የተቀመጠው ራስ ነው። ልጓሙን የለቀቀ ሰው የፈለገበት የሚሄድ ይመስለዋል፤ የሚሄደው ግን ፈረሶቹ የፈለጉበት ነው። ሕዋሳትን አጽንቶ መያዝን ኡፓኒሻዱ «ዮጋ» ይለዋል። ቀንበሩ የተጫነው እንግዲህ በሰውየው ላይ አይደለም፤ እርሱን ሲጎትቱት በኖሩት ላይ ነው።

በዚሁ ዘመን አካባቢ ሲዳርታ ጎታማ የተባለ የመኳንንት ልጅ በ29 ዓመቱ ሚስቱንና ልጁን ትቶ መነነ። አላራ ካላማና ኡዳካ ራማፑታ የተባሉ ሁለት መምህራን ዘንድ ገብቶ ተመስጦን ተማረ፤ እነርሱ የደረሱበትም ደረሰ። ከተመስጦው ሲወጣ ግን ያው የቀድሞው ሰው ነበር። ቀጥሎ ገላውን በረኀብ ቀጣ፤ እጁን ሆዱ ላይ ሲያደርግ የጀርባ አጥንቱ እስኪዳሰሰው ከሳ። ከስድስት ዓመት በኋላ በወተት የተቀቀለ ሩዝ ተቀብሎ በላ፤ አብረውት የሚጋደሉት አምስት ባልንጀሮችም ሰነፈ ብለው ተለዩት። ከዚያ በኋላ ነው ዛሬ ቦድ ጋያ በሚባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቡድሃ የተባለው። የዚህ መታጠፊያ ትርጉም ትልቅ ነው፤ ደስታን ማሳደድ ብቻ ሳይሆን ገላን መቅጣትም ሌላ እስራት ሊሆን እንደሚችል አንድ ሰው በራሱ ላይ ፈትኖ አሳየ። ተመስጦ ይባልበት የነበረው «ድያና» የሚለው ቃል ከተከታዮቹ ጋር ቻይና ሲገባ «ቻን»፣ ጃፓን ሲሻገር «ዜን» ሆኗል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ200 እስከ 450 ዓ.ም.፦ የጦር ሜዳው እና ክሮቹ

ጥያቄው ያኔም ቀላል አልነበረም። ነጻ ለመውጣት መመነን ካስፈለገ ልጅ የሚያሳድገው፣ የሚያርሰው፣ አገር የሚጠብቀው ምን ይሁን? ባጋቫድ ጊታ ለዚህ መልስ ይዞ መጣ። ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የሕንድ የጀግንነት ግጥም መካከል የተቀመጠ በ700 ስንኝ የተጻፈ ጭውውት ነው፤ የሚካሄደውም በገዳም ሳይሆን በኩሩክሼትራ የጦር ሜዳ፣ በሠረገላ ላይ ነው። ጦረኛው አርጁና ከፊቱ የተሰለፉት ዘመዶቹና መምህራኑ መሆናቸውን ሲያይ ቀስቱ ከእጁ ወደቀ። ሠረገላ ነጂው ክሪሽና የነገረው በአጭሩ ይህ ነው፤ ሥራህን ሥራ፣ በፍሬው ላይ ግን አትንጠልጠል። ከዚያ ወዲህ ዮጋ የመናኝ ብቻ መሆኑ ቀረ። እርሻው ላይ ያለው ገበሬም፣ ልጇን የምታጠባ እናትም ገቡበት።

ክሮቹን የቋጨው ደግሞ ፓታንጃሊ ነው። ስለ ሕይወቱ የሚታመን ነገር አልተረፈም፤ ብዙ ሊቃውንት ሥራውን በ400 ዓ.ም. አካባቢ ያደርጉታል። «ዮጋ ሱትራ» ከ200 በታች የሆኑ እጅግ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሱትራ ማለትም ክር ነው። ዛሬ ዮጋ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የገላ አቀማመጥ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በቀጥታ የተነገረለት በሦስት ክሮች ብቻ ነው፤ የሚጠይቀውም አቀማመጡ የጸናና የተመቸ እንዲሆን ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ቀልብ ነው።

አማርኛችን «ቀልቤ ተበተነ»፣ «ቀልብህን ሰብስብ» ማለቱ ፓታንጃሊን ለመረዳት ጥሩ በር ይከፍታል። እርሱ እንደሚለው ቀልብ እንደ ጠራ ዕንቍ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ነገር ቀለም ይወስዳል። ቀይ አበባ ቢጠጋው ቀይ ይመስላል፤ ዕንቍው ግን አልቀላም። የሰው መከራ ራሱን ከአበባው ቀለም ጋር ማምታታቱ ነው። የሚያስሩትን ማነቆዎች አምስት አድርጎ ቆጠራቸው፦ አለማወቅ፣ እኔነት፣ መጓጓት፣ መጥላት፣ በሕይወት ላይ መንጠልጠል። የመጨረሻው ጠቢባኑንም አይለቅም ማለቱ ልቤን ይነካዋል፤ ከሰው በላይ ነኝ ያላለ መምህር መሆኑን ያሳያልና። መንገዱን ደግሞ በስምንት ክፍል አስቀመጠው። ሰውን ባለመጉዳት፣ ባለመዋሸትና ባለመስረቅ ይጀምራል፤ ንጽሕናና ራስን ማጥናት ይከተላል፤ ከዚያ አቀማመጥ፣ ትንፋሽ፣ ሕዋሳትን መመለስ፣ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ተመስጦ፤ መጨረሻው ሳማዲ፣ ፍጹም መመሰጥ፣ ነው። የሚደረስበትን ነጻነት «ካይቫልያ» አለው፤ ከሌላው ነገር ሳይቀላቀል ለብቻ መቆም። ዛሬ ትንፋሹንና አቀማመጡን ወስደው አለመዋሸቱን የሚተዉ ክፍሎች ስመለከት ፓታንጃሊ ቅደም ተከተሉን በከንቱ እንዳላስቀመጠው አስባለሁ።

ከ1000 እስከ 1657፦ ገላና ተርጓሚዎች

ከመጀመሪያው ሺህ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ሌላ ሐሳብ በረታ፤ ገላ ጠላት ሳይሆን መሣሪያ ነው የሚል። ታንትራ የተባለው ትምህርት መምህራንና ናት የተባሉ መናንያን ትንፋሽንና ገላን መግራት ቀልብን እንደሚገራ አስተማሩ፤ ይህ ሃታ ዮጋ ተባለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ፣ ብራህሚን ይሁን ቡድሂስት፣ ጃይን ይሁን ምንም የማያምን፣ የሚለማመድ ሁሉ ይሳካለታል ይላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስቫትማራማ ባዘጋጀው «ሃታ ፕራዲፒካ» ውስጥ አቀማመጦቹ 15 ደረሱ።

በዚሁ ዘመን ነገሩ የቋንቋን ድንበር ተሻገረ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ታላቁ የሙስሊም ሊቅ አል ቢሩኒ የፓታንጃሊን መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ መለሰ። በ1657 የሙጋሉ ልዑል ዳራ ሺኮህ 50 ኡፓኒሻዶችን በፋርስኛ አስተርጉሞ ጨረሰ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሙ አውራንግዜብ አስገደለው። አውሮፓ ኡፓኒሻዶችን በስፋት ያወቀችው ከዚያ ፋርስኛ ወደ ላቲን በተመለሰው ትርጉም ነው።

አንድ ክር ደግሞ ወደ እኛ መጥቷል። ተመስጦው አልመጣም፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የመነነው ልዑል ታሪክ ግን መጣ። የጎታማ ታሪክ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ ሲሻገር «ቦዲሳትቫ» የሚለው ማዕርግ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት በአንዲት ነጥብ ልዩነት «ዩዳሳፍ» ተባለ። በክርስቲያኖች እጅም ክርስቲያናዊ ገድል ሆኖ እንደ ገና ተጻፈ። በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሱት አባ እንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» ብለው ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። የእኛ መነኮሳት ይዋስፍ ስለ ተባለው የሕንድ ንጉሥ ልጅ ሲያነቡ፣ ከስሙ ሥር ቡድሃ እንዳለ ሳያውቁ፣ ያንኑ የመፈታት ናፍቆት አነበቡ።

ከ1773 እስከ 1896፦ ውርደትና ቺካጎ

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የሕንድ ባሕታውያን በቡድን የሚንቀሳቀሱ፣ የሚነግዱና የታጠቁ ነበሩ። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቤንጋልን ሲይዝ ግብሩንና የንግድ መንገዱን የሚቀናቀኑት መስለው ታዩት፤ በ1773 ገዥው ዋረን ሄስቲንግስ ተንከራታቾቹን ከቤንጋል እንዲወጡ አዘዘ። መሣሪያና መተዳደሪያ ያጣው ዮጊ በመንገድ ዳር ገላውን እያጣመመ ሳንቲም የሚለምን ሆነ። በዚህም የተነሣ የተማረው ሕንዳዊ በሃታ ዮጋ ያፍር ጀመር።

በአንጻሩ የጥንቶቹ መጻሕፍት ይከበሩ ነበር። ቻርልስ ዊልኪንስ ጊታን በ1785 በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በዋልደን ሐይቅ ዳር ጎጆው ውስጥ አነበበው። የካልካታው ናሬንድራናት ዳታ፣ በኋላ ስሙ ቪቬካናንዳ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1893 በቺካጎ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ቅኝ የተገዛ አገር ልጅ የገዥዎቹን ቋንቋ እየተናገረ ለዓለም የሚሰጥ ነገር አለን አለ። በ1896 ያሳተመው «ራጃ ዮጋ» ፓታንጃሊን የዮጋ ሁሉ ማዕከል አደረገው። የገላውን ልምምድ ግን ንቆ ወደ ጎን ተወው፤ የመንገድ ዳሩ ዮጊ ትዝታ ገና አልበረደም ነበር።

ከ1908 እስከ 1930፦ ሁለት ነጻነቶች

በሜይ 1908 የእንግሊዝ ፖሊስ ኦሮቢንዶ ጎሽን በቦምብ ሴራ ከስሶ አሰረው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በእንግሊዝ ያደገ፣ በካምብሪጅ የተማረ፣ ሙሉ ነጻነት ካልሆነ የሚል የፖለቲካ መሪ ነበር። በአሊፖር ወህኒ ቤት የተሰጠው ክፍል ሦስት ሜትር የማይሞላ ርዝመት፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ስፋት ነበረው፤ መስኮት የለውም። አንዲት ጎድጓዳ ሳህን ሰጡት። በእርሷ ይታጠባል፣ በእርሷ ይጉመጠመጣል፤ ምግብ ሲመጣ ወጡ የሚፈስሰው በእርሷ ነው፤ ውሃ የሚጠጣውም በእርሷ። በኋላ ሲጽፍ መጸየፍን ለማሸነፍ ከዚያች ሳህን የተሻለ መምህር አይገኝም ብሏል። በዚያ ክፍል ጊታን እያነበበ፣ እየተመሰጠ አንድ ዓመት ቆየ። በሜይ 1909 በነጻ ሲለቀቅ የገባው ሰው አልነበረም፤ በዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ይዞታ ፖንዲቼሪ ሄዶ ቀሪ ዕድሜውን ለዮጋ ሰጠ። አገሩን ነጻ ሊያወጣ የተነሣው ሰው ነጻነት ከምን እንደሚጀምር እጁ ተይዞ ተማረ።

ጋንዲ ደግሞ የአገርንና የውስጥን ነጻነት አልለያያቸውም። በ1909 የጻፈው መጽሐፍ ዋና ቃል «ስቫራጅ» ነው፤ ራስን መግዛት። የእኛም ቋንቋ ክልሉን «ራስ ገዝ»፣ ሰውየውን «ራሱን የገዛ» እያለ ሁለቱን በአንድ ቃል መያዙን ልብ በሉ። ጋንዲ ቁጣውንና ፍርሃቱን ያልገዛ ሕዝብ እንግሊዝን ቢያስወጣ ሌላ እንግሊዝ ያነግሣል ብሎ ያምን ነበር። ጊታን ወደ ጉጅራቲ ቋንቋ መልሶ «አናሳክቲ ዮጋ» አለው፤ ያለመንጠልጠል ዮጋ። መጽሐፉ የወጣው ማርች 12 ቀን 1930 ነው፤ ጋንዲና ተከታዮቹ የእንግሊዝን የጨው ሕግ ሊጥሱ ወደ ባሕሩ ጉዞ በጀመሩበት ቀን።

ከ1933 እስከ 1966፦ የማይሶር ቤተ መንግሥት

ዛሬ በዓለም የተሰራጨው ዮጋ ግን መልኩን የያዘው በደቡብ ሕንድ፣ በማይሶር ነው። ማሃራጃው ለቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተለት። ወቅቱ ሕንዶች ደካማ ተብለው የሚናቁበት፣ ጠንካራ ገላ የአገር ፍቅር ምልክት የሆነበት ነበር። በዚያ ላይ ትግል፣ የአውሮፓ ጂምናስቲክ፣ የጥንቱ ሃታ ዮጋ አንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ።

በ1934 ገደማ ከክሪሽናማቻርያ ደጅ የደረሰው የሚስቱ ወንድም አያንጋር ነበር። የተወለደው በ1918 በኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ጊዜ ነው፤ ወባ፣ ታይፎይድና ሳንባ ነቀርሳ እየተፈራረቁበት ስላደገ ጐንበስ ሲል እጁ ከጉልበቱ በታች አይወርድም ነበር ይላል። በ1952 የቫዮሊኑ ሊቅ የሁዲ ሜኑሂን ቦምቤይ መጣ፤ ደክሞት ነበርና አያንጋር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንዲያየው ፈቀደለት። አያንጋር አስተኝቶ፣ ዓይንና ጆሮውን በጣቶቹ በእርጋታ ሸፈነለት። ሜኑሂን እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ የሚያስተምረውን ሰው አግኝቷል፤ አያንጋርም በእርሱ በኩል አውሮፓ ገባ። በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ 200 ያህል አቀማመጦችን በፎቶግራፍ ያሳያል፤ መግቢያው ግን አሁንም የፓታንጃሊን ስምንት ክፍል ያስተምራል።

የክሪሽናማቻርያ ሌላዋ ደቀ መዝሙር ኢንድራ ዴቪ፣ የሪጋ ተወላጅ ናት። ሴትም የውጭ አገር ሰውም ነሽ ብሎ መልሷት ነበር፤ ማሃራጃው ቢያማልዳት ተቀበላት። በ1947 በሆሊውድ ዮጋ ቤት ከፈተች።

ከ1968 እስከ 2015፦ እግር ብረቱ

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሚያውቀው ነው። የቢትልስ ሙዚቀኞች በ1968 ተመስጦ ሊማሩ ወደ ሕንዷ ሪሺኬሽ ሄዱ፤ ጆን ካባት ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተመስጦን ለሕመምተኞች ማስተማር ጀመረ፤ ንግዱም ተከተለ። እኔ የማተኩረው በአንድ ነጋዴ ላይ ነው። ጎኤንካ በበርማ ያደገ ሕንዳዊ ባለጸጋ ነበር፤ ማይግሬን ያሠቃየዋል፤ ሕመሙን ለማስታገስ ሞርፊን ይወጋል። በ1955 ተመስጦ ወደሚያስተምረው የበርማ መንግሥት ዋና የሒሳብ ሹም ኡ ባ ኪን ሄደ። ሹሙ ለራስ ምታት ብለህ ከሆነ አልቀበልህም አለው። ይህ ከመከራ ሁሉ መፈቻ መንገድ እንጂ የራስ ምታት መድኃኒት አይደለም ብሎ መለሰው። ጎኤንካ አስቦበት ተመለሰ።

በ1969 ሕንድ ገብቶ የቡድሃን ተመስጦ ለማንኛውም ሃይማኖት ሰው ማስተማር ያዘ። በ1975 ጃይፑር ወህኒ ቤት ውስጥ ትምህርት ሊሰጥ ሲገባ፣ ከተመዘገቡት እስረኞች አንዳንዶቹ እግር ብረት እንደ ታሰረባቸው መጡ። ጎኤንካ አልቀጥልም አለ። ሰንሰለት ለመፍታት የመጣሁ ሰው እንዴት በሰንሰለት የታሰረ አስተምራለሁ ማለቱ ነበር። የወህኒው ኃላፊ አደገኞች ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን ብረቱ ወለቀ።

በ1993 ኪራን ቤዲ፣ የሕንድ ፖሊስ አገልግሎት (አይ.ፒ.ኤስ.) የመጀመሪያዋ ሴት መኮንን፣ ከአቅሙ እጅግ በላይ የታጨቀውን የዴልሂ ቲሃር ወህኒ ቤት ተረከበች። በኤፕሪል 1994 ጎኤንካ እዚያው ግቢ ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ እስረኞችን ለአሥር ቀን አስተማረ። በዚያው ዓመት በግቢው ውስጥ ቋሚ የተመስጦ ማዕከል ተከፈተ።

በዲሴምበር 2014 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጁን 21 የዓለም የዮጋ ቀን እንዲሆን ወሰነ፤ ውሳኔውን 177 አገሮች አብረው አቀረቡት። በተከታዩ ዓመት በዴልሂ ራጅፓት ጎዳና 35,985 ሰዎች በአንድ ጊዜ ምንጣፋቸውን ዘረጉ።

በዚያችው ከተማ ቲሃር ግቢ ውስጥ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ደወሉ የሚደወለው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው። እስረኞቹ ሳይነጋገሩ ይነሣሉ፤ በጨለማው ገብተው ይቀመጣሉ፤ ከአፍንጫቸው የሚወጣውንና የሚገባውን ትንፋሽ ይከታተላሉ። የወህኒው በር እንደ ተቆለፈ ነው።